ፖስትግሬስ በኡቡንቱ 24.04፦ ከዊንዶውስ ለሚመጣ ባለሙያ የተጻፈ ግምገማ

ኡቡንቱ 24.04 በሚባለው ሊኑክስ ላይ ፖስትግሬስ የተባለውን የዳታቤዝ ሰርቨር ለመጫን አንድ መስመር ይበቃል፦ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ፖስትግሬስኪውኤል»። ትእዛዙ ሲያልቅ ሥሪት 16 ተጭኖ፣ ሰርቨሩም ተነሥቶ ይጠብቃል። የዊንዶውሱ ጫኚ ፓስወርድ ይጠይቃል፣ የፖርት ቁጥር ይጠይቃል፣ ሎኬል የሚባለውን የቋንቋ ቅንብር ያስመርጣል፣ ዳታቤዙን በመስኮት የሚያስተዳድረውን ፒጂአድሚንንም አብሮ ያመጣል። የኡቡንቱው ፓኬጅ ምንም ሳይጠይቅ ሁሉንም ራሱ ይወስናል። አብዛኛው ውሳኔው ትክክል ስለሆነ ለሥራ ሰርቨር ያለማመንታት እንመክረዋለን። አንዱ ግን፣ የፊደል ኢንኮዲንጉ (ፊደል ወደ ባይት የሚለወጥበት ስልት)፣ አማርኛ ለሚያስቀምጥ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት ካልታየ ቆይቶ ብዙ ያስከፍላል።

ከዊንዶውስ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ስሕተት «ፒር ኦተንቲኬሽን ፌይልድ ፎር ዩዘር ፖስትግሬስ» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ፓስወርድ መገመት ዋጋ የለውም፤ ሲጫን የተሰጠ ፓስወርድ የለምና። ፒር ማለት በዚያው ማሽን ውስጥ ሆኖ የሚገባው የሊኑክስ ተጠቃሚ ስም ከዳታቤዙ ተጠቃሚ ስም ጋር አንድ መሆን አለበት ማለት ነው። መግቢያው «ሱዶ -ዩ ፖስትግሬስ ፒኤስኪውኤል» ነው። በዚህ ጊዜ «ወደ ሆም ፎልደርህ መግባት አልቻልኩም» የሚል ማስጠንቀቂያ ቢወጣ አያሳስብም፤ የፖስትግሬስ ተጠቃሚ የእርስዎን ፎልደር የማየት ፈቃድ ስለሌለው ነው። ሲኤስቪ ፋይል ሲጫን ግን ይኸው ፈቃድ እውነተኛ እንቅፋት ይሆናል። «ኮፒ» የሚለው ትእዛዝ ፋይሉን የሚያነበው በሰርቨሩ ስም ነው፤ «ባክስላሽ ኮፒ» ደግሞ በእርስዎ ስም። ሁለተኛውን ይጠቀሙ።

ብዙ ሰው ከዚህ ችግር ለመውጣት ፒጂ ኤችቢኤ የሚባለውን የመግቢያ ፋይል ከፍቶ ፒር የሚለውን «ትረስት» ያደርገዋል። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን፤ በማሽኑ ላይ ያለ ማንኛውም ፕሮግራም ያለ ፓስወርድ ዋና አስተዳዳሪ ሆኖ እንዲገባ መፍቀድ ነው። ለአፕሊኬሽኑ የራሱን ተጠቃሚ ከነፓስወርዱ ይፍጠሩለትና በሶኬት (ፒር በሚሠራበት የማሽኑ ውስጣዊ መገናኛ) ሳይሆን በሎካልሆስት (ማሽኑ ራሱን በኔትወርክ በሚጠራበት አድራሻ) እንዲገናኝ ያድርጉ። በሎካልሆስት የሚመጣው ግንኙነት ገና ከመጀመሪያው ፓስወርድ እንዲጠይቅ ተደርጎ ነው የተዘጋጀው፤ የመግቢያ ፋይሉ መነካት አያስፈልገውም።

ቀጥሎ የሚያደክመው ነገር ፍለጋ ነው። የፖስትግሬስ መመሪያ «ኢኒትዲቢ» እና «ፒጂ ሲቲኤል» የሚሉ ትእዛዞችን ይጠቅሳል፤ ኡቡንቱ ላይ ሲጻፉ ግን «ትእዛዙ አልተገኘም» ይላል። ጠፍተው አይደለም፤ ዩኤስአር ላይ፣ ሊብ ውስጥ፣ ፖስትግሬስኪውኤል ስር፣ 16 በሚለው ፎልደር ቢን ውስጥ አሉ። ኡቡንቱ መሠረቱ ከሆነው ከዴቢያን ሊኑክስ የወረሰው አሠራር በነሱ ፋንታ የራሱን ትእዛዞች ይሰጣል። ከሁሉም የሚጠቅመው «ፒጂ ኤልኤስክላስተርስ» ነው፤ ሥሪቱን፣ ፖርቱን፣ መነሣት አለመነሣቱን፣ ዳታው እና ሎጉ የት እንዳሉ በአንድ መስመር ያሳያል። ዊንዶውስ ላይ ሁሉም በአንድ የዳታ ፎልደር ይከማች የነበረው እዚህ ሦስት ቦታ ተከፍሏል፦ ቅንብሩ ኢቲሲ ውስጥ፣ ዳታው ቫር ሊብ ውስጥ፣ ሎጉ ቫር ሎግ ውስጥ። ለባክአፕም ለጥገናም ይህ አከፋፈል የተሻለ ነው።

«ሲስተምሲቲኤል ስታተስ ፖስትግሬስኪውኤል» ሲባል የሚመጣው «አክቲቭ፣ ኤግዚትድ» የሚል መልስ ብዙዎችን ያሳስታል። አረንጓዴ ነው፣ ሰርቨሩ ግን ወድቆ ሊሆን ይችላል። ያ አገልግሎት የሁሉም ሥሪቶች መጠቅለያ እንጂ ሰርቨሩ ራሱ አይደለም። የእውነቱን የሚናገረው «ፖስትግሬስኪውኤል አት 16 ሰረዝ ሜይን» የሚለው ነው።

አሁን ወደ ኢንኮዲንጉ። ፓኬጁ የመጀመሪያውን ክላስተር፣ ማለትም አንድ ሰርቨር የሚያስተዳድራቸውን ዳታቤዞች ስብስብ፣ ሲፈጥር የማሽኑን ሎኬል ይወርሳል። በሙሉ ጫኚ የተጫነ ኡቡንቱ ዩቲኤፍ 8 ስለሆነ ችግር የለውም። ሎኬል ባልተሰጠው ኮንቴይነር ውስጥ ሲጫን ግን ኢንኮዲንጉ «ኤስኪውኤል አስኪ» ይሆናል፤ ምንም ስሕተት አይታይም፣ አማርኛውም ይገባል፣ ይነበባልም። ጉዳቱ የሚወጣው ፊደል ሲቆጠር ነው። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል፤ ኤስኪውኤል አስኪ ደግሞ የሚያውቀው ባይት ብቻ ነው። ስለዚህ «ሰላም» የሚለውን ቃል ርዝመቱን በ«ሌንግዝ» ይጠይቁት። 3 ካለ ደህና ነው፣ 9 ካለ ምንም ዳታ ሳያስገቡ ያቁሙ። ባለ 20 ቫርቻር (ቢበዛ 20 ፊደል የሚይዝ) ኮለም ላይ «ወልደገብርኤል» የሚለው ባለ 8 ፊደል ስም 24 ባይት ስለሆነ «በጣም ረዝሟል» ተብሎ ይመለሳል። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ፊደላት ቆርጦ የሚያወጣ ኮድ ካለ ደግሞ ፊደሉን መሐል ላይ ይሰነጥቀዋል።

ዳታቤዙ ባዶ ከሆነ መፍትሔው አጭር ነው። «ፒጂ ድሮፕክላስተር» በሚለው ክላስተሩን ያጥፉ፤ ውስጡ ያለውን ሁሉ ይዞ ስለሚጠፋ ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ። ከዚያ በ«ፒጂ ክሪኤትክላስተር» «ሲ ነጥብ ዩቲኤፍ 8» የሚለውን ሎኬል ሰጥተው እንደገና ይፍጠሩት። ይህ ሎኬል ፊደላትን የሚደረድረው በዩኒኮድ ቁጥራቸው ነው፤ ዩኒኮድ ደግሞ ግዕዝን ያሰፈረው በሀ ለ ሐ መ ተራ ስለሆነ የስም ዝርዝሩ እንደምንጠብቀው ይወጣል። «ሀይሌ» እና «ኃይሌ» ሲፈለጉ አንድ እንዲሆኑ ግን አያደርግም፤ ለዚያ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ የሚያመጣ ተጨማሪ ኢንዴክስ በ«ትራንስሌት» መሥራት ያስፈልጋል።

ዳታ ከገባ በኋላ ኢንኮዲንግ በቦታው አይቀየርም። ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ 8 ነው ብሎ በባክአፕ መሣሪያው በፒጂደምፕ ማውጣት፣ በትክክል ወደተፈጠረ ዳታቤዝ መመለስ ነው ያለው። የተሰነጠቁ ፊደላት ካሉ የሚጋለጡት በዚህ ሂደት ነው።

ከዊንዶውስ ያመጡትን ባክአፕ ሲመልሱም ሎኬሉ ያደናቅፋል። የዊንዶውሱ ዳታቤዝ የሎኬል ስሙን ለምሳሌ «ኢንግሊሽ ዩናይትድ ስቴትስ 1252» ብሎ ይይዘዋል፤ ሊኑክስ እንዲህ የሚባል ስም ስለማያውቅ ዳታቤዙን ራሱ እንዲፈጥር የታዘዘ ፒጂሪስቶር (የባክአፕ መመለሻው ትእዛዝ) ገና ሲጀምር ይወድቃል። ከ«ቴምፕሌት 0»፣ ፖስትግሬስ ይዞት ከሚመጣው ባዶ ናሙና፣ ተነሥተው ባዶ ዳታቤዝ በዩቲኤፍ 8 ይፍጠሩና «ፍጠር» የሚለውን አማራጭ ትተው ወደዚያ ይመልሱት።

ከሌላ ማሽን መገናኘት ሲያቅት የስሕተቱን ዓይነት ማንበብ ብዙ ጊዜ ያድናል። «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ካለ በአብዛኛው ሰርቨሩ የሚያዳምጠው ሎካልሆስትን ብቻ ነው፤ «ሊስን አድሬስስ» ተቀይሮ ሰርቨሩ ሪስታርት መደረግ አለበት፣ ሪሎድ (ሳይቆም ቅንብሩን እንደገና ማንበብ) አይበቃውም። ዝም ብሎ ቆይቶ «ታይምአውት» ካለ በአብዛኛው ፋየርዎሉ ፖርት 5432ን ዘግቷል፤ የደመና ሰርቨር ከሆነ የአቅራቢውም ፋየርዎል ይታይ። «ኖ ፒጂ ኤችቢኤ ኢንትሪ» ካለ መንገዱ ሁሉ ተከፍቷል ማለት ነው፤ የቀረው የዚያን ማሽን አይፒ በመግቢያ ፋይሉ ውስጥ ጨምሮ ሪሎድ ማድረግ ነው።

የቆየ አፕሊኬሽን ያለው ሰው «ኦተንቲኬሽን ሜተድ 10 አይደገፍም» የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል። ከሥሪት 14 ጀምሮ ፓስወርድ በነባሪነት በስክራም፣ ከቀድሞው ኤምዲ 5 በጠነከረ የፓስወርድ አያያዝ፣ ስለሚቀመጥ ነው። መታደስ ያለበት አፕሊኬሽኑ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበት ድራይቨር ነው፤ ሰርቨሩን ወደ ኤምዲ 5 መመለስን አንመክርም።

ሥሪት 16 ከአዘጋጆቹ እርማት የሚያገኘው በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ ኖቬምበር 2028 ነው። ከዚያ በፊት ከፖስትግሬስ የራሱ የአፕት ማከማቻ አዲስ ሥሪት የሚጭን ሰው አሮጌው እንደማይነካ ይወቅ፤ አዲሱ ከጎኑ በፖርት 5433 ይነሣል። አፕሊኬሽኑ በ5432 እስከተገናኘ ድረስ የሚያየው ያንኑ አሮጌውን ነው።