የድሬዳዋ የባቡር ጉብኝት፦ ግማሹ ታሪክ ቢቀርም ሂዱ

ከአክስቴ ጋር ድሬዳዋ ሄጄ የግማሽ ቀን የእግር ጉብኝት አደረግን። ቅሬታ ስላለኝ የአስጎብኚውን ስም አልጠራም። ልሂድ ወይ ለሚለኝ ሰው ግን መልሴ አዎ ነው።

የጀመርነው ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ነው። አስጎብኚው ወጣት የድሬ ልጅ ነው። እዚያ አንቱታ ብዙም አይታወቅምና አክስቴን ገና ከሰላምታው "አንቺ" አላት፤ እሷም ወዲያው ወደደችው። ግቢው ውስጥ የቆሙ ፉርጎዎች፣ የደከሙ ሎኮሞቲቮች፣ ወርክሾፑ ውስጥ ደግሞ የድሮ ቶርኖዎች፣ ማለትም የብረት መቅረጫ ማሽኖች አሉ። የዘይትና የብረት ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ ነው። ልጁ ሃዲዱ መሀል ገባና አንድ እርምጃ ተራመደ። "ስፋቱ ይሄ ነው፣ 1 ሜትር" አለን። መጽሐፍ ላይ አንብቤ ያለፍኩትን ነገር በአንድ እርምጃ አሳየኝ፤ ለዚህ ብቻ የከፈልኩት ገንዘብ አይቆጨኝም።

ታሪኩንም ጥሩ አድርጎ ይነግራል። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተነሳ፤ ሃዲዱ ታኅሣሥ 1895 ላይ እዚህ ሜዳ ደረሰ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐረር መግባት ነበር። ሐረር ግን ከድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተራራ ላይ ነው ያለችው፤ ባቡሩን ያን ዳገት ማስወጣት ወጪው የሚቻል አልሆነም። ስለዚህ ሃዲዱ ተራራው ሥር ቀረ፣ ከተማም እዚያው ተቆረቆረ። መጀመሪያ የተሰጠው ስም ራሱ "አዲስ ሐረር" ነበር።

ልጁ ቶሎ ያለፈው፣ እኔ ግን ሊቆምበት ይገባ ነበር የምለው ቀጥሎ ያለውን ነው። መስመሩን የሚሠራው የባቡር ኩባንያ ገንዘብ አለቀበት፤ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያንም በመስመሩ ላይ ይሻኮቱ ነበር። ሥራው ለዓመታት ቆመ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚህ መሀል ድሬ የመስመሩ መጨረሻ ሆና ከረመች። ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ እዚህ ይራገፋል፣ በግመልና በበቅሎ ይጫናል፣ ወደ ሐረርና ወደ መሀል አገር ይጓዛል፤ የሐረር ቡና ደግሞ በተቃራኒው ወርዶ እዚህ ፉርጎ ላይ ይወጣል። ዕቃ የሚራገፍበት ቦታ መጋዘን ይፈልጋል፣ ተሸካሚ ይፈልጋል፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ ገንዘብ መንዛሪ ይፈልጋል። በእኔ እምነት ከተማዋን ከባቡሩ መምጣት እኩል ያሳደጋት ባቡሩ እዚያ መቆሙ ነው።

ከዚያ ከዚራ ገባን። ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች፣ የዛፍ ጥላ፣ የባቡር ኩባንያው በፕላን ያስቀመጠው ሰፈር። ጉብኝቱ እዚያ አለቀ ተባልን! በጣም ነው የከፋኝ። የደቻቱን ወንዝ ሳይሻገሩ ድሬን አየሁ ማለት አይቻልም። ለምነን ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሰፈር፣ መጋላ ወሰደን፤ ሲሄድ ደግሞ ከእኛ በላይ ደስ ብሎት ነበር። መጋላ ውስጥ ጎዳናው እንደ ከዚራ በገመድ የተለካ አይመስልም፤ ይጠማዘዛል፣ ይጠባል፣ ገበያ ውስጥ ይከታችኋል። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ ዓረቡ ሲነግድበት የኖረ ሰፈር ነው። ሁለቱን በአንድ ጠዋት ስታዩ ኩባንያ የሠራው ከተማና ነጋዴ የሠራው ከተማ በአንድ ወንዝ ተለያይተው ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

ትልቁ ቅሬታዬ የመኪና መንገድ ነገር ጨርሶ አለመነሳቱ ነው። ከ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት በኋላ የአገሪቱ ጭነት ወደ ጅቡቲ ሲዞር ከባድ መኪናው የሄደው በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ በኩል ነው፤ ድሬን አይነካም። አሮጌው ባቡርም እየተዳከመ ሄዶ ቆመ። ሐረርን በጎን ትቷት ባለፈ መስመር የተወለደች ከተማ እሷንም በጎን የሚያልፍ መንገድ መጣባት። ይህን ጣቢያው በር ላይ ቆሞ መናገር ሁለት ደቂቃ አይወስድም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር በድሬ ቢያልፍም ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ እንደ ድሮው ከፉርጎ ወርዶ በእግር ከዚራ መግባት የለም። እሱንም ማንም አላነሳውም።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ነው ያስጀመሩን። የድሬን ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አክስቴ ወርክሾፑ ጥላ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቀምጣ አረፈች። 1 ሰዓት ላይ እንጀምር በሏቸው፣ ውሃ ያዙ፣ መጋላም እንደሚካተት ሳትከፍሉ በፊት አረጋግጡ።

ነጥብ፦ ከ5 4 ሰጥቻለሁ። አንድ ቀን ከተረፋችሁ ደግሞ በማግስቱ በሚኒባስ በደንገጎ በኩል ሐረር ውጡ። መስኮት አጠገብ ተቀመጡና ዳገቱን እዩት። አክስቴ ጥምዝምዙ መሀል ላይ "ይሄንን ነው ባቡሩ የፈራው?" አለችኝ።