«አዲስ ሜሞሪ ነው» ብለው ያለቀለትን ገጠሙልኝ

ቴሌቪዥናችሁ ሎጎው ላይ ተገትሮ የሚቀር፣ ራሱ ጠፍቶ ራሱ የሚበራ ከሆነ ወደ ጥገና ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። ንዴቱ ገና አልወጣልኝም።

በሽታው ብዙ ጊዜ ሜይን ቦርዱ ላይ ያለችው ሜሞሪ ናት፤ ኢኤምኤምሲ የሚሏት። የስማርት ቴሌቪዥን ሶፍትዌር የሚቀመጠው እሷ ላይ ነው። አፕ በታደሰ ቁጥር ይጻፍባታል፣ እየተጻፈባት ታልቃለች። መድኃኒቷ የድሮውን ዳታ አዲስ ቺፕ ላይ ገልብጦ መቀየር ነው። ይህን ጥገና ቤቶቹ ከእኛ በላይ ያውቁታል።

የወሰድኩበት ቤትም «አዲስ ኦሪጅናል እንገጥምልሃለን» አለኝ። የአዲስ ዋጋ ከፈልኩ። ልወስድ ስሄድ ቴሌቪዥኑ ባንኮኒው ላይ በርቷል። ኢንተርኔቱን ልሞክረው ብዬ ሪሞቱን አነሳሁና ዋይፋይ ውስጥ ገባሁ። የማላውቃቸው የዋይፋይ ስሞች እዚያው ተቀምጠዋል። የሰው ቤት ዋይፋይ! አዲስ ቺፕ ላይ ይህ ከየት መጣ? ስለ ቴሌቪዥኑ የሚገልጸውን ገጽ ከፈትኩ። ሴሪያል ቁጥሩ ከጀርባው ከተለጠፈው ጋር በጭራሽ አይገናኝም።

«ይኼ ምንድነው ወንድሜ?» አልኩት ጠጋኙን። መልስ የለም። እጁን ዘርግቶ ሪሞቱን ከእጄ ወሰደ፣ ከሕፃን ላይ ቢላ እንደሚቀማ ሰው። ቴሌቪዥኑን አጠፋው። «በራልህ አይደል? ሌላ ምን ፈለግክ?» አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ሳቀ። እሺ፣ የድሮዋን ሜሞሪ ስጠኝ ስለው ስልኩን እየነካካ «ጥለናታል» አለ። ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም።

የቱ ጋ ነው የጣሏት? የእኔ አካውንት፣ የቤቴ ዋይፋይ እሷ ላይ ነበር። የዚያን ምስኪን ቤተሰብ ሜሞሪ ለእኔ እንደገጠሙት፣ የእኔንም ለሌላ ሰው ላለመግጠማቸው ምን ማረጋገጫ አለኝ?

ቴሌቪዥኑ ብዙም ሳይቆይ ሎጎው ላይ ቆመ። ሌላ ባለሙያ ቺፗን ነቅሎ ማንበቢያ ላይ ሰካት። በፈረንጆቹ 2013 ከወጣው 5.0 ስታንዳርድ ወዲህ ያሉት ኢኤምኤምሲዎች ምን ያህል እንዳለቁ ራሳቸው ይናገራሉ፣ በ10 በመቶ እርከን። አዲስ ከሆነች ከ0 እስከ 10 ላይ ናት። «አዲስ» ተብላ የተሸጠችልኝ ከ90 እስከ 100 ላይ ነበረች። ገና ሲበይዷት አልቆላት ነበር ማለት ነው።

ውጤቱን ይዤ ተመለስኩ። ያው ሰውዬ ወረቀቱን በጣቱ ገፋ አደረገና «ሌላ ሰው ነክቶታል፣ አይመለከተንም» አለኝ። ዋስትና የሚባለው ነገር ያበቃው እዚያ ላይ ነው። ገንዘቤንም አልመለሱም። አንድ ይቅርታ እንኳን የለም! ይልቅ «ደንበኛ እየጠበቀ ነው» ብለው ከባንኮኒው ገለል እንድል አደረጉኝ።

ለማንኛውም፣ የድሮዋን ሜሞሪ እጃችሁ ሳታስገቡ አትክፈሉ። አዲሷ ከመበየዷ በፊት ማንበቢያው ላይ ተሰክታ በዓይናችሁ እዩአት። ሴሪያል ቁጥሩን ከጀርባው ጋር አስተያዩ። አይሆንም ካሏችሁ ቴሌቪዥናችሁን ይዛችሁ ውጡ።