ዊንዶውስ 11 ላይ የመስኮቶችን እንቅስቃሴ ማስተካከል፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ዊንዶውስ 11 በተጫነበት የጠረጴዛ ኮምፒውተሬ ላይ የመስኮቶችን እንቅስቃሴና ሌሎች የእይታ ማስዋቢያዎችን አንድ በአንድ እያበራሁና እያጠፋሁ መሥራት ከጀመርኩ ወራት ተቆጥረዋል። ኮምፒውተሩ 8 ጊጋባይት ራም ያለው፣ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የሌለው መካከለኛ የቢሮ ማሽን ነው። ሥራዬ የአማርኛ ሰነዶችን ማረም በመሆኑ ቀኑን ሙሉ ሁለት ሦስት የጽሑፍ መስኮቶችን፣ ፒዲኤፎችንና ብሮውዘር እያፈራረቅኩ እጠቀማለሁ፤ ስለዚህ መስኮት ሲከፈት፣ ሲያንስና ሲሰፋ የሚታየው እንቅስቃሴ ለእኔ ጌጥ ብቻ ሳይሆን በየደቂቃው የምገናኘው ነገር ነው።

ብዙ ሰው ይህን እንቅስቃሴ ለማጥፋት የሚነሣሣው ኮምፒውተሩን ለማፍጠን ነው። ሐሳቡ ከፊል እውነት አለው፤ ሆኖም ፍጥነት የሚገኘው ሰው በሚጠብቀው ቦታ አይደለም። እንቅስቃሴው የሚወስደው ጊዜ አስቀድሞ የተወሰነ ስለሆነ ማሽኑ ፈጣንም ሆነ ዘገምተኛ ያው ነው። ሩብ ሰከንድ የሚፈጅ እንቅስቃሴ 60 ኸርዝ በሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ ምስሉን በሚያድስ ስክሪን ላይ 15 ያህል ተከታታይ ምስሎች ሆኖ ይታያል፤ ውድ ኮምፒውተር እነዚህን ምስሎች ሳያቆራርጥ ያሳያቸዋል እንጂ ሩብ ሰከንዱን አያሳጥረውም። የማውጫዎች (ሜኑዎች) ነገር ይበልጥ ግልጽ ነው። ማውሱን በአንድ ማውጫ ላይ አሳርፈን ንዑስ ማውጫው እስኪዘረጋ የምንጠብቀው ጊዜ የዊንዶውስ ቅንብሮች በሚቀመጡበት መዝገብ፣ በሬጂስትሪው ውስጥ፣ ‹ሜኑ ሾው ዲሌይ› በሚባል ቁጥር የተያዘ ሲሆን፣ ከመጀመሪያው የተቀመጠለት ዋጋ 400 ሚሊሰከንድ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ፕሮሰሰሩ የሚሠራው ከባድ ሥራ የለም፤ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ቆይታ ነው።

ማስተካከያዎቹ የሚገኙት በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው በሴቲንግስ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ፣ ከዚያም ቪዥዋል ኢፌክትስ የሚለው ገጽ ሲሆን፣ በዚያ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ለእንቅስቃሴ፣ ሌላ ደግሞ ለመስታወት መሰሉ ግልጽነት ተቀምጧል። ሁለተኛው ከድሮዎቹ ዊንዶውሶች የተወረሰው የፐርፎርማንስ ኦፕሽንስ ሳጥን ነው፤ በፍለጋው ላይ ‹ፐርፎርማንስ› ብሎ የጻፈ ሰው በቀላሉ ያገኘዋል። በውስጡ 17 ምርጫዎች በዝርዝር ይገኛሉ፤ ከላይ ደግሞ ‹ለተሻለ መልክ›፣ ‹ለተሻለ ፍጥነት› እና መሰል ጥቅል አማራጮች አሉ። ዝርዝሩን በትዕግሥት ማየት ለሚችል ሰው የምመክረው ሁለተኛውን ነው።

በአማርኛ የሚሠራ ሰው በጥብቅ እንዲጠነቀቅ የምፈልገው ግን እዚሁ ሳጥን ውስጥ ነው። ‹ለተሻለ ፍጥነት› የሚለው ጥቅል አማራጭ ሲመረጥ 17ቱም ምርጫዎች በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ፤ ከእነዚህም አንዱ የፊደላትን ጠርዝ የሚያለሰልሰው ነው። የላቲን ፊደል ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን እንደ ጥቃቅን የመልክ ጉድለት ሊያልፈው ይችላል፤ በግእዝ ፊደል ግን ትርጉም ያለው ልዩነት የሚያርፈው በትንንሽ ቅጥያዎች ላይ ነው። ‹ሊ› እና ‹ሌ› የሚለያዩት እግራቸው ሥር ባለው ጭረትና ቀለበት ብቻ ነው፤ ‹ነ› እና ‹ኘ›፣ ‹ተ› እና ‹ቸ› ደግሞ አናታቸው ላይ ባለው ጭረት። ማለስለሱ ሲጠፋ በትንሽ መጠን የተጻፈው ቀለበት ተደፍኖ ጭረት ይመስላል፤ በፎልደር ውስጥ የተደረደሩ የፋይል ስሞችን ለማንበብ ወደ ስክሪኑ መጠጋት ግድ ይሆናል። ከዚህ የሚገኘው ፍጥነት በዓይን የማይታይ ሲሆን የሚከፈለው ግን በራሱ በዓይን ነው። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ቢጠፋ እንኳ ይህ ምርጫ እንዲበራ ይሁን።

በምስል ፋይሎች ላይ ትንሽ ቅጂያቸውን የሚያሳየውንና መስኮት ሲጎተት ይዘቱ አብሮ እንዲታይ የሚያደርገውንም አልነካኋቸውም። የመጀመሪያው ከጠፋ የተቃኙ (ስካን የተደረጉ) ገጾች ሁሉ አንድ ዓይነት ምልክት ለብሰው ስለሚደረደሩ የሚፈለገውን ለማግኘት እያንዳንዱን መክፈት ያስፈልጋል።

ያጠፋሁት ደግሞ ማውጫዎች እየደበዘዙ ወይም እየተንሸራተቱ እንዲወጡ የሚያደርገውን፣ ከተነኩ በኋላ ቀስ ብለው እንዲጠፉ የሚያደርገውን፣ የማብራሪያ ጽሑፎችን መደብዘዝ፣ የተቆልቋይ ሳጥኖችን መንሸራተትና የተግባር አሞሌውን (ታስክባሩን) እንቅስቃሴ ነው። እነዚህ ለተጠቃሚው የሚነግሩት አንዳች መረጃ የለም። ‹ሜኑ ሾው ዲሌይ›ንም ከ400 ወደ 100 ዝቅ አድርጌዋለሁ። ዜሮ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ማውሱ በመንገዱ ያገኘውን ንዑስ ማውጫ ሁሉ ወዲያው እየዘረጋ ስለሚያስቸግር አልወደድኩትም። ሬጂስትሪውን ለመንካት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ቅጂውን ያስቀምጥ። ከእነዚህ ለውጦች በኋላ ኮምፒውተሩ ለእጅ ይበልጥ ቀረብ ያለ ሆኗል፤ ይህ ስሜት ከወራት በኋላም አልቀነሰም።

መስኮት ሲያንስና ሲሰፋ የሚታየውን እንቅስቃሴ ግን አጥፍቼው ከቆየሁ በኋላ መልሼ አብርቼዋለሁ፤ ምክንያቱም ይህኛው ከሌሎቹ የተለየ ሥራ አለው። መስኮቱ ወደ የተግባር አሞሌው ሲወርድ ዓይን ይከተለውና ያረፈበትን ቦታ ይይዛል። እንቅስቃሴው ሲጠፋ መስኮቱ በቅጽበት ይሰወራል። በዚሁ ኮምፒውተር አልፎ አልፎ የሚሠሩ በዕድሜ የገፉ የሥራ ባልደረባችን በዚያ ሰሞን ሰነዱን ባሳነሱ ቁጥር ‹ልጄ፣ ጽሑፉ ጠፋብኝ፤ የት ገባ?› እያሉ ይጠሩኝ ነበር። ‹ጋሼ፣ አልጠፋም፤ ከታች አለልዎት› እላቸዋለሁ። እንቅስቃሴው ከተመለሰ ወዲህ ይህን ጥያቄ አላነሡም። ለለመደ ሰው ትርፍ የሚመስለው ሩብ ሰከንድ ለእሳቸው የመንገድ ምልክት ነበር፤ ሰነዶች ሲበዙ ለእኔም እንደዚያው ነው።

ስለ ራም የሚነገረውን በተመለከተ፣ የማስዋቢያዎቹ መጥፋት ብዙ ማኅደረ ትውስታ ያስለቅቃል ብሎ መጠበቅ አይገባም። መስኮቶችን አንድ ላይ አዋሕዶ ወደ ስክሪን የሚያወጣው ክፍል ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ሊዘጋ አይችልም፤ ምርጫዎቹን ሁሉ ብናጠፋም እሱ ሥራውን ይቀጥላል። የተለየ ግራፊክስ ካርድ በሌለው ማሽን ላይ ግልጽነቱን ማጥፋት መጠነኛ እፎይታ ይሰጣል። በተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ የሚሠራ ኮምፒውተር ያለው ሰው ግን ገንዘቡን ለኤስኤስዲ (ተሽከርካሪ ክፍል ለሌለው ፈጣን ማከማቻ) ቢያውለው ከማናቸውም የእይታ ማስተካከያ የሚበልጥ ለውጥ ያያል።

በስክሪን ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የሚያጥወለውላቸው ወይም ራስ የሚያዞራቸው ሰዎች ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይለያል። ለእነርሱ ዝርዝሩን መምረጥ ሳያስፈልግ በአክሰሲቢሊቲ ውስጥ ያለውን የእንቅስቃሴ ማብሪያ ማጥፊያ መዝጋት ትክክለኛው መንገድ ነው። ይህ ማብሪያ ማጥፊያ አንድ እምብዛም የማይነገርለት ጥቅምም አለው፦ ክሮም፣ ኤጅና ፋየርፎክስ ምርጫውን አንብበው ለድረ ገጾች ስለሚያሳውቁ፣ በጥንቃቄ የተሠሩ ገጾች የራሳቸውን እንቅስቃሴ ይቀንሳሉ።

ከወራት በኋላም የጎደለ ሆኖ የማየው የፍጥነት መቆጣጠሪያው ነው። በዊንዶውስ ቅንብሮች ውስጥ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ወይ ይበራል ወይ ይጠፋል፤ መካከለኛ የለውም። በሊኑክስ ላይ የሚሠራው ኬዲኢ ፕላዝማ የተባለው የዴስክቶፕ ገጽታ ግን የእንቅስቃሴውን ፍጥነት ከዝግተኛ እስከ ቅጽበታዊ ድረስ የሚያስተካክል ተንሸራታች አለው። እንዲህ ያለ ተንሸራታች እዚህም ቢኖር መስኮቱ የሚወርድበትን መንገድ ሳላጣ የሚፈጀውን ጊዜ በግማሽ እቀንሰው ነበር።