ፒያሳ ላለችው ትኬት ቆራጭ እህታችን፦ እግዜር ይስጥልኝ

ሰላም ጎንደሮች፣ እንዴት ከረማችሁ? ይህን ከመጻፌ በፊት ስምሽን ልጥቀስ ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ኧረ ተይኝ፣ ስሜ ምን ያደርግልሻል» አለችኝ። ስለዚህ ስም የለም። ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒ የሚነሳበት፣ የፓስፖርት ማመልከቻ የሚሞላበት፣ ጥግ ላይ ደግሞ የአውሮፕላን ትኬት የሚቆረጥበት ጠባብ ቤት አለ። እዚያ ጥግ ላይ የምትቀመጠዋ ልጅ ናት። ቤቱን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አድራሻውን እልካለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜን ሰርፊንግ የሚባል ነገር ይዞታል። ሰሌዳ ላይ ቆሞ ማዕበል መጋለብ። ባህር በሌለው አገር፣ ያውም ከባህር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በተቀመጠች ከተማ ተወልዶ! ስልኩን ብትከፍቱት ከላይ እስከ ታች ማዕበል ነው። እናታችን «ይህን ልጅ ውሃ ለክፎታል» ብላ ጠበል ልትወስደው ምንም አልቀራት። ዩኒቨርሲቲ ሲጨርስ ምን ላድርግልህ ስለው ዓይኑን ሳያሽ «ባህር ውሰጂኝ» አለኝ። እኔም ቃል ገባሁ። ትምህርቱ በመሀል ስንቴ እንደተቋረጠ፣ እንዴት ባለ ጭንቅ እንደጨረሰ የኛ ከተማ ሰው ስለሚያውቀው አልዘረዝርም። ቃሌን ማጠፍ አልፈለግሁም። ግን ፋርማሲ ተቀጥሬ የምሠራ ሰው ነኝ፣ ገንዘቤ የተቆጠረ ነው።

መጀመሪያ የሄድንበት ቢሮ አዲስ አበባ ነበር። ለስላሳ ሶፋ፣ ግድግዳው ላይ የዱባይ ፎቶ። ሰርፊንግ ስንል ባሊ፣ ኢንዶኔዥያ ድረስ አሉን። ዋጋውን ሲነግሩን ወንድሜ እኔን አየኝ፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ቀለል ያለ ነገር የለም ወይ ብዬ ስጠይቅ ሰውየው ቀና እንኳ ሳይል «በዚህ ብርማ ላንጋኖ ሂዱ» አለን። ላንጋኖን ንቄ አይደለም፣ ደስ የሚል ቦታ ነው። ግን እንዲህ ተብሎ ይነገራል? ወንድሜ እስከ ማታ አልተናገረም።

ሁለተኛው ባሰ። እነዚህ ደግሞ በቴሌግራም ናቸው። «ኬንያ፣ ዲያኒ፣ ሰርፊንግን ጨምሮ ሙሉ ፓኬጅ፣ ለተማሪ ቅናሽ» የሚል የሚያምር ማስታወቂያ ነበራቸው። ቅድሚያ ክፍያ አሉ፣ ከፈልን። ትንሽ ቆይተው የቪዛ ማስፈጸሚያ አምጡ አሉ። ለኬንያ! የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። ይህን የነገረችን የፒያሳዋ ልጅ ናት። ገንዘባችንን መልሱልን ስንላቸው መልእክቱን ያነቡታል፣ ምልክቱ ይታያል፣ መልስ የለም። አሁንም የለም። ማስታወቂያቸው ግን ዛሬም ይወጣል፣ ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ወንድሜ የሆነ ሰነድ ኮፒ ሊያስነሳ ገብቶ ወሬ ጀመሩ። በማግስቱ እኔንም ይዞኝ ሄደ። የሄድንበትን ጉዳይ ስንነግራት አልሳቀችም። ስንት ብር አላችሁም አላለችም። ወንድሜን ቀና ብላ አይታ፦

«ዋና ትችላለህ?»

እሱ ሳቀ። «የጎንደር ልጅ ነኝ እኮ! በየጥምቀቱ ፋሲል መዋኛ ዘልዬ እገባለሁ።»

«እሱን እኔም አይቻለሁ። የፋሲል ውሃ ከቀሃ መጥቶ ይሞላል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይተኛል። ባህር አይተኛም። ይገፋሃል፣ መልሶ ይስብሃል። በጀርባህ ተንሳፍፈህ መቆየት ትችላለህ?»

ዝም አለ።

«እንግዲያው ሂድና ሆቴል ያለው መዋኛ ገብተህ ተለማመድ። ሳታርፍ መዋኘትና መንሳፈፍ ስትችል ና። እስከዚያ ትኬት አልቆርጥልህም።»

ትኬት ቆርጣ የምትተዳደር ልጅ ናት እኮ ትኬት አልቆርጥም ያለችው! በኋላ ለብቻዬ ስጠይቃት ጎርጎራ፣ ጣና ዳር እንዳደገች ነገረችኝ። «ዋና እችላለሁ ብሎ ገብቶ የቀረ ሰው አውቃለሁ» አለችና ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ሌላ አልጠየቅኋትም። ያን ቀን ግን ልቤ አረፈ። ስንቱ ቢሮ ስንገባ መጀመሪያ ያየው ቦርሳዬን ነው፣ እሷ ያየችው ልጁን ነው።

ወንድሜ ተለማመደ፣ ተመለሰ፣ ከዚያ ሥራው ተጀመረ። የኬንያ የባህር ዳርቻ አብዛኛው ከፊቱ ኮራል የሚባል የድንጋይ አጥር አለው አለች። ማዕበሉ እዚያ ላይ ተሰብሮ ስለሚያልቅ ዳር ላይ ውሃው የተረጋጋ ነው። ለልጆችና ለሙሽሮች ጥሩ፣ ለሰርፊንግ ግን የማይሆን። ዲያኒ የሚያዩት ፎቶ ብዙ ጊዜ በነፋስ የሚጎተተው፣ ካይት የሚሉት ሌላ ጨዋታ ነው፣ ዋጋውም ሌላ ነው አለችን። ማሊንዲ ግን ሳባኪ የሚባለው ወንዝ ከሚገባበት አጠገብ ስለሆነች ባሕረ ሰላጤዋ ያን አጥር የላትም፣ ማዕበሉ እስከ አሸዋው ይደርሳል። ለጀማሪም ይሆናል።

ከዚያ ስለ ነፋስ አወራች። ካስካዚ የሚባል ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣ፣ ፈረንጅ በሚበዛበት በታኅሣሥና በጥር የሚነፍስ አለ። ኩሲ የሚባል ደግሞ ከደቡብ የሚመጣ አለ፣ ክረምታችን ሲገባ እሱ ነው ያለው። ስለ ማዕበል ቁመትና ስለ ሰከንድ ከወንድሜ ጋር ብዙ ተባባሉ፣ እውነት ለመናገር ከዚያ በኋላ ያለው አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር ነው፦ በኩሲ ጊዜ ማሊንዲ ማዕበሉ ደህና ነው፣ እንግዳ ስለሚቀንስ ክፍሉም ርካሽ ነው። «በገና ሰሞን አትሂዱ፣ በሰኔ ሂዱ። ግን የባህር አረም ዳር ላይ ይከመራል፣ ውሃውም እንደ ፎቶው ሰማያዊ ላይሆን ይችላል፣ ኋላ እንዳትቆጡኝ» አለች። የሚሸጠውን ነገር ጉድለት ቀድሞ የሚነግራችሁ ነጋዴ አጋጥሟችሁ ያውቃል?

የቢጫ ወባ ካርድ አላችሁ ወይ ብላ የጠየቀችንም ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ክትባቱ ከተወሰደ 10 ቀን ካልሞላው ካርዱ አይሠራም። እኔ የጤና ሰው ነኝ፣ ክትባቱን አውቀዋለሁ። ሶፋ ላይ ካስቀመጡንና ቅድሚያ ክፍያ ከበሉን ውስጥ ግን አንድም ሰው ካርድ ብሎ ያነሳ የለም። ባንክ የውጭ ምንዛሬ ስንጠይቅ ምን ምን ይዘን እንደምንቀርብ እንኳ ጽፋ ሰጠችን።

የሚገርመው ደግሞ ይሄ ነው። በቀጥታ ሞምባሳ የሚያርፍ በረራ እያለ እሷ ትኬቱን እስከ ናይሮቢ ብቻ ቆረጠችልን። ከናይሮቢ ሞምባሳ በባቡር ሂዱ አለች፣ እሱ ይረክሳል። ማዳራካ ኤክስፕረስ ይባላል፣ በ2017 እንደ ፈረንጆች ሥራ የጀመረው ነው። እኛ በሄድንበት ጊዜ ዝቅተኛው ማዕረግ 1,500 የኬንያ ሽልንግ ነበር። ከሞምባሳ ማሊንዲ ደግሞ በማታቱ፣ ማለትም በነሱ ሚኒባስ። ይህን ሁሉ በእጇ ጽፋ ነው የሰጠችን። ጽሕፈቷ የመምህር ነው፣ ቁልጭ ያለ። «ባቡር ጣቢያው ከከተማው ውጭ ነው፣ አርፍዳችሁ እንዳትነሱ።» «ዋጋውን ሳትነጋገሩ ታክሲ ውስጥ አትግቡ።» «የትንኝ መከላከያ ያዙ፣ አጎበር በሌለው ክፍል አትተኙ።» መጨረሻ ላይ ያለችውን ሳነብ ደግሞ እንባዬ መጣ፦ «የሰኔ ጾም ስለሆነ ወጥ ቤት ያለው ክፍል ፈልጌላችኋለሁ። ሽሮና በርበሬ ያዙ።»

እኛ እንኳ ያላሰብነውን! የትኛው ፓኬጅ ነው ጾማችሁን የሚያስብላችሁ?

ጉዞውን አላስረዝምም። ከአዘዞ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ናይሮቢ፣ ከዚያ ባቡሩ በጻቮ የዱር አራዊት ፓርክ መሀል ሲያልፍ ወንድሜ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ዝሆን ሲፈልግ ዋለ። ማሊንዲ ደረስን። ክፍሏ ትንሽ ናት ግን ንጹሕ፣ አጎበሩ አለ፣ ምድጃው አለ። የቤቱ እመቤት ሽሮዬን ቀምሳ በርበሬው አስነጠሳት፣ በምላሹ በኮኮናት የተሠራ ቦሎቄ ሰጠችን። እንዲህ የሚጣፍጥ የጾም ምግብ በልቼ አላውቅም። ከተማዋ ውስጥ ጣልያኖች ብዙ ናቸው። የኛን ፒያሳ አይቶ ላደገ ሰው ይህም ብዙ አይደንቅም።

የፖርቱጋላዊው መርከበኛ የቫስኮ ዳ ጋማ ሐውልትም እዚያ አለ፣ ነጭ ምሰሶ ነው፣ ከላዩ መስቀል አለው። ሰውየው እንደ ፈረንጆች በ1498 እዚያ ደርሶ ነበር። ልጁ ክሪስቶቫዎ ደግሞ በ1541 400 ወታደር ይዞ ወደኛ መጥቶ፣ በዓመቱ እዚሁ አገራችን የተገደለው ነው። የጎንደር ሰው ፖርቱጋል ሲባል ዝም ማለት አይችልም፣ ለወንድሜ ታሪኩን ስተርክለት እሱ ዓይኑ ባህሩ ላይ ነው።

አስተማሪውን አስቀድማ በስልክ ያነጋገረችው እሷ ናት። የሰፈሩ ልጅ ነው፣ ትዕግሥተኛ። ሰሌዳውን አሸዋ ላይ አስቀምጦ መተኛት፣ መነሳት፣ መተኛት፣ መነሳት። ሰው ያየናል ብዬ አፈርኩ። ከዚያ ውሃ ገቡ። ወንድሜ ወደቀ፣ ጨው ጠጣ፣ ወደቀ። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። እኔ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ነጠላዬን ሰብስቤ እመቤቴን እማጸናለሁ። አንድ ጊዜ ማዕበሉ ገልብጦት ሰሌዳው ብቻ ብቅ ሲል ነፍሴ ወጣች። እሱ ግን ትንሽ ራቅ ብሎ በጀርባው ተንሳፍፎ ሲስቅ አየሁት። ልክ እንዳዘዘችው! ያን ጊዜ ነው ልጅቷን የመረቅኋት፣ ቆሞ ሲጋልብ አይደለም። ቆሞ የጋለበው በኋላ ነው፣ ለጥቂት ሰከንድ። እልልታዬን ያቀለጥኩት ጊዜ መረባቸውን የሚጠግኑት ዓሣ አስጋሪዎች ዞረው አጨበጨቡልን።

ስንመለስ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በዝናብ ምክንያት የጎንደር በረራችን ተሰረዘ። መሽቷል፣ ገንዘባችንም አልቋል። ደወልኩላት። ቤቷ ሆና፣ ልጇን እያስተኛች ይመስለኛል፣ ድምፁ ይሰማኛል፣ በማግስቱ ጠዋት የሚበረው ላይ አስገባችን። ተጨማሪ አልጠየቀችም። ቀድሞውንም ለዚህ ሁሉ ልፋትሽ ስንት እንክፈል ስላት «ትኬቱ ላይ የማገኘው አለኝ። ወረቀቱን ኮፒ ያደረግሁበትን ክፈሉ» ብላን ነበር። የምሬን ነው፣ የኮፒ ነው የተቀበለችን።

ጎንደሮች፣ እባካችሁ ይህችን ልጅ አትለፏት። ባህር መሄድ የግድ አይደለም። ለሕክምና ውጭ የምትወጡ፣ ለትምህርት የምትሄዱ፣ ልጇን ልትጠይቅ የምትሄድ እናት ያለቻችሁ፣ መጀመሪያ እሷን አማክሩ። በተለይ እናቶችን ላኩላት፣ ወረቀቱን በእጇ ጽፋ ታስይዛቸዋለች። ለማያውቁት ሰው በቴሌግራም ብር ከመላክ ፒያሳ ወጥቶ ፊት ለፊት መጠየቅ ይሻላል። እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ እናታችን ዳቦ ጋግራ እየጠበቀችሽ ነው፣ የሥራ ሰዓት ብለሽ እንዳታመልጪ።

ስትሄዱ ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ጠዋት ወረፋው የፓስፖርት ነው። ዋጋም እንዳትከራከሯት!