ፍቅር፣ ኮሌራና 130 ሄክታር መሬት

ጅማ ሆናችሁ ጥሩ የፍቅር ልብወለድ ለምትፈልጉ አንድ ልጠቁማችሁ። መርካቶ አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ከሚያከራይ ልጅ ነው የወሰድኩት። ሽፋኑ ተገንጥሎ ስለጠፋ ርዕሱም የደራሲዋም ስም የለም፤ «የነርሷን መጽሐፍ» ካላችሁት ያውቀዋል። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፣ መዝገበ ቃላት አያስፈልጋችሁም።

የዘመናችን አሜሪካዊት ነርስ ወንዝ ዳር ራሷን ትስትና በፈረንጆቹ 1852 ትነቃለች። በበሬ በሚጎተት ጋሪ ከአሜሪካዋ ሚዙሪ ወደ ምዕራብ ዳርቻዋ ኦሪገን የሚጓዙ ሰፋሪዎች መሀል ነው ያለችው። መንገዱ 3,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል፣ ጋሪው በዕቃ ስለሚሞላ ደግሞ አብዛኛው ሰው በእግሩ ነው የሚሄደው። እዚያ ሚስቱ የሞተችበት ሰውዬ ታገኛለች። የሚቀጥለውን ትገምቱ ይሆናል፤ ግን አትቸኩሉ።

የወደድኩት ፍቅራቸው ከሥራ መሀል መምጣቱን ነው። ሰፋሪዎቹ መሀል ኮሌራ ይገባል። በእርግጥም በዚያ ዓመት ኮሌራ መንገዱ ላይ ብዙ ሰው ጨርሷል። በውሃ እንደሚተላለፍ ግን ሰፋሪዎቹ አያውቁም፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ስኖው ኮሌራ ያዛመተው ውሃው ነው ብሎ ለንደን ላይ የብሮድ ስትሪት መንገድ የውሃ ፓምፕ እጀታ ያስነቀለው እንኳ በ1854 ነው። ነርሷ ውሃ ታፈላለች፣ ለአንድ ሊትር ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ትበጠብጣለች፣ ሌሊቱን ሙሉ በሽተኞቹን በማንኪያ እያጎነጨች ታድራለች። ሰውዬው ነገሩ አልገባውም። ግን ሜዳው ላይ እንጨት ስለሌለ የጎሽ ኩበት እየለቀመ እሳቱን ያነድላታል። አንድም የፍቅር ቃል አልተነጋገሩም። እኔ መዋደዳቸውን ያመንኩት እዚያ ጋ ነው።

ቡናም አለበት። ሰፋሪዎቹ ጥሬውን ይዘው እየተጓዙ በመጥበሻ ይቆሉት፣ በእጅ ይፈጩት ነበር። ደራሲዋ ይህን በሁለት መስመር ማለፏ አናዶኛል! የጅማ አንባቢ እዚህ ጋ ቢያንስ አንድ ገጽ ይገባው ነበር።

ከዚያ የመሬቱ ነገር ይመጣል፣ ልብ የሚሰቅለውም እሱ ነው። በ1850 በወጣው ሕግ መሠረት በ1852 ኦሪገን የሚደርስ ያላገባ ወንድ 65 ሄክታር ያገኛል። ባለትዳር ከሆነ ግን ሁለቱ 130 ሄክታር ይሰጣቸዋል፣ ግማሹም በሚስትየው ስም ነው። ስለዚህ «እንጋባ» ሲላት ትጠራጠራለች። የፈለገው እኔን ነው ወይስ መሬቱን? ይህ ጥያቄ ብዙ ምዕራፍ ይዟት ይሄዳል፣ እኔንም እንቅልፍ ነስቶኛል።

ትልቁ ጉድለቱ መሬቱ ባለቤት እንደነበረው መርሳቱ ነው። በኦሪገኑ ዊላሜት ሸለቆ ካላፑያ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ከጥንትም ይኖሩ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ግን አንዴ ከሩቅ ይታያሉ፣ አይናገሩም። በሽተኛን ሁሉ በእኩል ዓይን የምታይ ነርስ ይህን ሳትጠይቅ ማለፏ አይዋጥልኝም። ወደ ዘመኗ መመለሻውም መንገድ በጥድፊያ የተጻፈ ነው።

እንዲህ ያለ ታሪክ በአማርኛ ባነብ ደስ ይለኛል፤ የዛሬ ልጅ ጅሬን ላይ፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በር ላይ ብትነቃስ? የምትጽፉ ካላችሁ አስቡበት።

መጨረሻውን አልነግራችሁም። ለመቅረትም ለመመለስም የምትወስነው ራሷ ናት፣ ማንም አይጎትታትም፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ይነበባል። መልሼዋለሁ፣ ልጁ ጋ ታገኙታላችሁ።