አሞርጎስ ላይ መኪና ስትከራዩ «ፎቶ አያስፈልግም» ካሏችሁ ቁልፉን መልሱ

ትናንት ከግሪኳ ደሴት ከአሞርጎስ ተመልሼ ከመርከብ ወረድኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ስለዚህ ተነስቼ ይህን ልጻፍ። የተወሰደብን 400 ዩሮ ነው። የእኔ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር። ግን የታናሽ እህቴ ነው። ከፍራንክፈርት ልትጠይቀኝ መጥታ፣ በእኔ ምክር ካርዷን አውጥታ ሰጠች። «እዚህ ደሴት ላይ ሰው አያጭበረብርም» ያልኳት እኔ ነኝ።

የደሴት መኪና አከራይ እንዴት ያለ እንደሆነ ግሪክ ለምትኖሩ አልነግራችሁም። መርከብ ሲገባ ወደቡ ላይ ቆሞ የሚጠብቀውን፣ በአንድ እጁ ሲጋራ በሌላው ቁልፍ የያዘውን፣ ገና ስማችሁን ሳያውቅ «ኩክላ ሙ»፣ አሻንጉሊቴ፣ የሚላችሁን ታውቁታላችሁ። ወረቀቱን እየገለበጠ «እዚህ ፈርሚ፣ እዚህም ፈርሚ» ይላል። አቴንስ 11 ዓመት አረጋውያን እየተንከባከብኩ ኖሬያለሁ። ቋንቋቸውን እናገራለሁ፣ አነባለሁም። ቱሪስት የሚበዛባቸው ሳንቶሪኒ ወይም ሚኮኖስ ደሴት ቢሆን ኖሮ መስመር በመስመር አንብቤ ነበር የማስፈርማት።

አሞርጎስ ግን ሌላ ነው ብዬ አመንኩ። አውሮፕላን ማረፊያ የለውም። ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ በትልቁ መርከብ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ይወስዳል። ነዋሪው 2 ሺህ ገደማ ነው። በፈረንጆቹ 2025 የካቲት በሳንቶሪኒና በአሞርጎስ መካከል ያለው ባሕር ሳያቋርጥ ሲንቀጠቀጥ፣ እዚያም የአስቸኳይ ጊዜ ታውጆ ነበር። የምንከባከባቸው እናት በቴሌቪዥን እያዩ ሲያለቅሱ አብሬያቸው አልቅሻለሁ። ስለዚህ ለእረፍት ያጠራቀምነውን እንዲህ ያለ ቦታ ብናወጣው ደስ ይለኛል ብዬ እህቴን ወደዚያ ወሰድኳት።

ካታፖላ ወደብ ስንደርስ ኦገስት 13 ነበር። አከራዩ የአንገታችንን ማተብና መስቀል አየ። «ኦርቶዶክስ ናችሁ?» አለ። ከኢትዮጵያ ነን አልነው። አማተበ። ቢሮው ግድግዳ ላይ የሰቀለውን የእመቤታችንን ሥዕል አሳየን። ለበዓሏ መድረሳችን በረከት እንደሆነ ነገረን። ለአራት ቀን ከሙሉ ኢንሹራንስ ጋር 240 ዩሮ ተስማማን። 400 ዩሮ ደግሞ መያዣ ብሎ ካርዷ ላይ አገደ።

እህቴ ጠንቃቃ ናት። ስልኳን አውጥታ መኪናውን ዙሪያውን ፎቶ ልታነሳ ስትጀምር ሰውየው ፈገግ ብሎ መዳፉን ስልኳ ላይ አደረገ። «ፎቶ ለምን? ሙሉ ኢንሹራንስ ከፍላችኋል። እዚህ አቴንስ አይደለም፣ እንተዋወቃለን። ማ ቲን ፓናያ!» አለ። በእመቤታችን ማለ ማለት ነው። እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። «ተይው፣ ይቀየማል» አልኳት። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ተይው፣ ይቀየማል።» ከትናንት ጀምሮ ይህን ቃሌን ስንት ጊዜ እንደደገምኩት እግዚአብሔር ይወቀው። የማላውቀው ሰው እንዳይቀየም ብዬ የእናቴን ልጅ አስበላሁ።

አራቱ ቀናት መልካም ነበሩ። ይህን መካድ ኃጢአት ይሆንብኛል። ሆዞቪዮቲሳ ገዳም 300 ገደማ ደረጃ ወጥተን ተሳለምን። ገደሉ ላይ እንደ ነጭ ጨርቅ የተለጠፈ ገዳም ነው፤ ከሥሩ ባሕር ብቻ ነው ያለው። ሥዕሏ ከፍልስጤም ምድር በባሕር መጣች ብለው ያምናሉ። መነኩሴው ለእንግዳ የሚሰጠውን ሉኩሚ የሚሉትን ጣፋጭና ቀዝቃዛ ውሃ ሰጡን። በማር የተፈላውን ራኪ የሚሉትን አረቄ አልነካንም፣ ፍልሰታ ነው። ኦገስት 15 ላንጋዳ መንደር በዓሉን ሲያከብሩ ከሕዝቡ ጋር ተቀመጥን። እነሱ ጾማቸውን ፈትተው የፍየል ሥጋ ያቀርባሉ፣ እኛ ገና ሳምንት ይቀረናል። አንዲት አሮጊት ይህንን ስነግራቸው ከቤታቸው ፋቫ አመጡልን። ከክክ የሚሠራው፣ እንደ ሽሮ ያለው። የደሴቱ ሰው እንዲህ ነው። ለዚህ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ።

መኪናዋን እንደ እንቁላል ነው የያዝናት። ፍየሎች መንገድ ላይ ሲተኙ እስኪነሱ ቆመን ጠብቀናል። ካሎታሪቲሳ ባሕር ዳርቻ ስንወርድ እንኳ ከአስፋልት አልወጣንም።

መርከባችን የሚነሳው ኦገስት 17 ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነበር። ቁልፉን 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወደቡ ላይ አስረክቡኝ ያለን ሰውየው ራሱ ነው። ገና ጨለማ ነው። እሱ አልመጣም፣ አንድ ወጣት ላከ። «ካሊሜራ»፣ እንደምን አደርክ፣ አልኩት። አልመለሰልኝም። በሩን አላየ፣ መስታወቱን አላየ፣ ነዳጁን አላየ። በቀጥታ ሄዶ ከፊት ጎማው አጠገብ ተንበረከከና የስልኩን መብራት ወደ ሥር አበራ። ምንም አልፈለገም። የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነው እንደዚያ የሚንበረከከው።

«ነይ እዪ» አለኝ። ተንበርክኬ አየሁ። ከሞተሩ ሥር ያለው ቆርቆሮ ተጣሟል፣ ረጅም ጭረትም አለው። ጭረቱ ዝጓል! አራት ቀን ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ሥሩ እንዲህ ይዝጋል?

«400» አለ።

«ሙሉ ኢንሹራንስ አለን» አልኩት። ውሉን ከኪሱ አውጥቶ ገለበጠና በጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በአውራ ጣቱ ጠቆመኝ። ጎማ፣ መስታወትና የመኪናው ሥር አይሸፈንም ይላል። በማነበው ቋንቋ የተጻፈ ነው። አላነበብኩትም።

«ይህ ስንወስዳት የነበረ ነው» አልኩት። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ፊቴን አየኝ።

«ኤሂስ ፎቶግራፊያ?»

ፎቶ አለሽ? አፌ ተያዘ። ዞር ስል ባለቤቱ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ቡና ይጠጣል። አየሁት፣ አየኝ። እጄን አወዛወዝኩለት። ወንበሩን ወደ ባሕሩ አዞረ። በእመቤታችን ስም የማለልን ሰው ጀርባውን ሰጠኝ።

መርከቡ ገባ። የኋላ በሩ እየተንኳኳ ወረደ፣ የጭነት መኪኖች መውጣት ጀመሩ። ወጣቱ አጠገቡ ለቆመው ጓደኛው «መርከቡ መጥቷል፣ ትፈርማለች» አለው። በግሪክኛ። እንደምሰማው ያውቃል፤ አሁን ከእኔ ጋር በዚሁ ቋንቋ ሲያወራ ነበር። ድምፁን ዝቅ እንኳ አላደረገም። እህቴ «ምን አለ? ምን አለ?» እያለች ክንዴን ትጎትታለች። የዚያኑ ቀን ማታ በረራ አላት፣ በነጋታው ሥራ ትገባለች። ብንቀር በረራዋ ይቃጠላል። ይህንን ሁሉ ያውቁታል፤ ሰዓቱን የመረጡት እነሱ ናቸው።

«ፈርሚ» አልኳት። ጉዳቱን እኛ እንዳደረስን የሚል ወረቀት ላይ ፈረመች። ደረሰኝ ስጠኝ ስለው «በኢሜይል ይመጣል» አለ። እስካሁን አልመጣም።

መርከቡ ላይ እህቴ አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም። ሻይ ገዝታ አመጣችልኝ። ናክሶስ ደሴትን አልፈን እስክንሄድ ማልቀሴን ማቆም አልቻልኩም።

ለምትሄዱ የምለው አጭር ነው። መኪናዋን ከላይም ከሥርም ቪዲዮ አንሱ፣ ይቀየሙ። ሰው በሌለበት ሰዓት ወይም መርከብ ሊነሳ ሲል አታስረክቡ። «ሙሉ ኢንሹራንስ» ሲሏችሁ የመኪናው ሥር ይገባል ወይ ብላችሁ ጠይቁና በጽሑፍ ያዙ። ከተጣላችሁ ሳትፈርሙ ወደ ቱሪስት ፖሊስ ደውሉ፣ 1571 ነው። እኔ ቁጥሩን የፈለግኩት መርከቡ ላይ ሆኜ ነው። የሸማቾች ቅሬታ የሚቀበሉት ደግሞ 1520 ላይ ናቸው፤ ዛሬ ስደውል ነበር። እህቴም ባንኳ ክፍያውን እንዲያግድላት አመልክታለች። የፈረመችበት ወረቀት ግን በእጃቸው ነው።

ገዳሙን ለመሳለም ለምታስቡ፣ በበጋ አውቶብስ አለ። ከካታፖላ ወደ ደሴቱ ዋና ከተማ ሆራ ይወስዳችኋል፣ ከሆራ ደግሞ ወደ ሆዞቪዮቲሳና ከሥሩ ወዳለው አጊያ አና ባሕር ዳርቻ። የመጀመሪያው ቀን ፌርማታው አጠገብ ቆመን ነበር። እህቴ «በዚህ ብንሄድስ?» ብላኝ ነበር።