የግቢ ችግኝ የምትገዙ ተጠንቀቁ፦ ስሙ ውሉ ላይ ላልተጻፈ ተክል ገንዘብ አትክፈሉ

ክረምት ሲቃረብ አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ ዳር ችግኝ ይደረደራል። ቴሌግራም ላይም "ግቢ እናስውባለን" የሚል ማስታወቂያ ይበዛል። ይህን የምጽፈው ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት እንድታነቡት ነው። በተለይ ቤት ሠርታችሁ ጨርሳችሁ አሁን ተራው የግቢው የሆነባችሁ፣ ወይም ውጭ አገር ሆናችሁ በዘመድ በኩል የምታሠሩ፣ እባካችሁ ጊዜ ሰጥታችሁ አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ ግቢዋን በጥቅል ዋጋ ለሚያስውቡ ሰዎች ሰጠች። የሐበሻ ጥድ፣ ወይራ፣ ኒምና የአበባ አጥር እንደሚተክሉላት በቃል ነገሯት። "አገር በቀል ስለሆነ ይወደዳል" ብለውም ዋጋውን ከፍ አደረጉት። ውሉ ላይ የሰፈረው ግን "የተለያዩ ዛፎችና አበቦች" የሚል ብቻ ነው። ተከላው አልቆ ሄጄ ሳየው የሐበሻ ጥድ የተባለው የፈረንጅ ጥድ ነው። ኒም የተባለው ሜሊያ ነው። ልጆች በሚሯሯጡበት መተላለፊያ ዳር ደግሞ ኦሊያንደር ተደርድሯል። ከተነገራት ውስጥ ትክክል ሆኖ የተገኘው ወይራው ብቻ ነው።

ደውላ ስትጠይቃቸው "ችግኝ እያለ ሁሉም ይመሳሰላል፣ ሲያድግ ይለያል" አሏት። ውሸት ነው። ሁሉም ባይሆኑ ብዙዎቹ ችግኝ ሳሉም ይለያሉ። ውሉን አውጥታ ስታነብላቸው ደግሞ "ዛፍና አበባ ይላል፣ ዛፍና አበባ ተክለናል" አሉ። እዚህ ላይ መያዣ የላትም። ማጭበርበሩም የተቀመጠው እዚችው መስመር ላይ ነው፤ ስም ከሌለ ክርክር የለም።

ስለዚህ ለመለየት የሚረዳችሁን ላካፍላችሁ። የዕፅዋት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ቅጠል በእጅ ይዞ ማየት ይበቃል።

በኒም እጀምራለሁ፣ ምክንያቱም ይህኛው ጤናን ይነካል። ኒምና ሜሊያ የአንድ ቤተሰብ ዛፎች ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ይምታታሉ። ቅጠላቸውን ግን እዩት። የኒም ቅጠል አንድ ዘንግ አለው፣ ትንንሾቹ ቅጠሎች በቀጥታ እሱ ላይ ግራና ቀኝ ይደረደራሉ። የሜሊያ ዋና ዘንግ ግን ሌሎች ቀጫጭን ዘንጎችን ያወጣል፣ ትንንሾቹ ቅጠሎች የሚበቅሉት በእነዚያ ላይ ነው። አበባ ካወጡም ኒም ነጭ ነው፣ ሜሊያ ወይን ጠጅ የደባለቀ። ልዩነቱ ቀላል ነው፣ የሚያስከትለው ግን ቀላል አይደለም። የኒምን ቅጠል ቀቅለው የሚጠጡ ሰዎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። የሜሊያ ፍሬ ደግሞ ለሰውም ለከብትም መርዝ ነው። ሲበስል ቢጫ ሆኖ በዘለላ ስለሚንጠለጠል ሕፃን ልጅን ይስባል። "ኒም ነው፣ መድኃኒት ነው" ተብሎ የተሸጠ ሜሊያ ግቢ ውስጥ ቆሞ ማየት በእውነት ያስቆጣኛል።

ሌላም ፍንጭ አለ። ኒም የቆላ ዛፍ ነው። ድሬዳዋና ጋምቤላ ይመቸዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ናት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ የሚወርድባቸው ሰፈሮችም አሏት። እዚህ ከተማ "ይኸው ኒም፣ በደንብ ይበቅላል" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ቅጠሉን ቁጭ ብላችሁ እዩ።

ጥዱን እንይ። የሐበሻ ጥድ ትንሽ ሳለ ቅጠሉ የሾለ ነው፣ ጨበጥ ስታደርጉት መዳፍ ይወጋል። የፈረንጅ ጥድ ችግኝ ግን ለስላሳ ነው። ትልቅ ዛፍ ካለም ፍሬውን ተመልከቱ። የሐበሻ ጥድ ፍሬ ትንሽና ለስላሳ ሆኖ ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይሄዳል። የፈረንጁ ጠንካራ እንጨት ነው፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የፈረንጅ ጥድ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ለማባዛትም ቀላል ነው። የሐበሻው ዝግ ይላል፣ ግን ዕድሜው ረጅም ነው። በየጥንታዊ ቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር የምናየው እሱ ነው። የፈረንጅ ጥድ መትከል ነውር የለውም። ነውሩ ርካሹን በውዱ ስምና ዋጋ መሸጥ ነው።

ወይራ አያስቸግርም። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ። ገልብጣችሁ ስታዩት ላይኛው ገጽ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ታችኛው ወደ ቢጫ ቡናማ ያደላል።

አበባቸው የሚያምር ዛፎች ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። የድሬዳዋ ዛፍና ጃካራንዳ ችግኝ ሳሉ በጣም ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ደቃቅ ቅጠል ነው ያላቸው። ሻጩ ስልኩ ላይ ቀይ አበባ ያሳያችኋል፣ የምትወስዱት ሐምራዊ ሊሆን ይችላል። የባሰውም ሊደርስ ይችላል፤ ትክክለኛውን የድሬዳዋ ዛፍ ሰጥቷችሁ አዲስ አበባ ብርድ ላይ ቆሞ ይቀራል። አገሩ ማዳጋስካር ነው፣ ሙቀት ይፈልጋል። ለመለየት፦ የጃካራንዳ ደቃቅ ቅጠሎች ጫፋቸው ሹል ነው፣ የድሬዳዋ ዛፍ ጫፉ ድቡልቡል ነው። ጃካራንዳ ቅጠሉን ፊት ለፊት በጥንድ ያወጣል፣ የድሬዳዋ ዛፍ ደግሞ በተራ፣ አንዱን በዚህ አንዱን በዚያ። አዲስ አበባ ላሉ ጃካራንዳ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ከተማው ውስጥ በየጎዳናው ሲያብብ እያየነው ነው።

ኦሊያንደርን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። ልጅ ባለበት ግቢ አይተከል። ቅጠሉም አበባውም ግንዱም መርዝ ነው፣ ልብን ነው የሚያጠቃው። ረጅምና ጠንካራ ቅጠል አለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሦስት ሆኖ ከአንድ ቦታ ይወጣል። አበባው ሮዝ ወይም ነጭ ነው። ድርቅ ስለሚችልና ስለሚያምር ሠራተኞቹ ይወዱታል። መንገድ አካፋይ ላይ ይሁን፣ እሺ። የልጅ መጫወቻ ዳር ግን ሳይነግሩ መትከል ይቅር የሚባል አይደለም። ወደ ታች የሚንጠለጠል ትልቅ የመለከት ቅርጽ አበባ ያለው ቁጥቋጦም እንዲሁ ሁሉ ነገሩ መርዝ ነው።

ለጌጥ እየተባሉ የሚመጡ ወራሪዎችንም አትቀበሉ። የወፍ ቆሎ አበባው ያማረ ነው፣ ግን ከአጥር ወጥቶ ግጦሽ ይወርራል፣ ከብትም ይመርዛል። ለግቢ ኩሬ "ተንሳፋፊ አበባ" ብሎ እምቦጭ የሚያመጣላችሁ ካለ ወደ በሩ ሸኙት። እምቦጭ በጣና ላይ የታየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ነው፣ ከዚያ ወዲህ የሐይቁ ዳር ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ምን እንደደረሰበት ሰምተናል። ይህ ተክል ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ በብዙ አገር የተሠራጨው ለአበባው ውበት ተብሎ ነው።

ከዝርያው ሌላ ችግኙ ራሱም ማታለያ አለው። ከመንገድ ዳር የምትገዙትን ግንዱን ያዝ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳቡ። አፈሩ አብሮ ካልተነሣና ችግኙ ብቻውን ሙልጭ ካለ፣ ሰሞኑን ተነቅሎ ፕላስቲክ ውስጥ የገባ ነው፣ ወይም ጭራሽ ሥር የሌለው ቅርንጫፍ ነው። ጽጌረዳ ላይ ይህ ይበዛል። በተቃራኒው ሥሩ ፕላስቲኩን ቀዶ ከታች ወጥቶ መሬት ከያዘ፣ ወይም ውስጥ ለውስጥ ተጠምጥሞ ከሆነ፣ ብዙ ቆይቷል ማለት ነው። ትልቅ ስለሆነ አትጓጉ። አቮካዶ "የተዳቀለ ነው" ካሏችሁ ከአፈሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ግንዱ ላይ የመጋጠሚያ ጠባሳ ፈልጉ። ጠባሳ ከሌለ ከፍሬ የበቀለ ነው። ፍሬ ለመስጠት ብዙ ዓመት ይፈጃል፣ የሚሰጠውም እናቱን ላይመስል ይችላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልመለስ። ጥቅል ውል ስትፈርሙ የእያንዳንዱ ተክል ስም፣ ብዛትና ቁመት ይጻፍ። የአማርኛ ስም ብቻውን አይበቃም፣ አንዱ ስም በየአካባቢው ሌላ ተክል ሊሆን ይችላል። ሳይንሳዊ ስሙም ይጨመር። የሐበሻ ጥድ ጁኒፔረስ ፕሮሴራ ነው፣ የፈረንጁ ኩፕሬሰስ ሉሲታኒካ። ኒም አዛዲራክታ ኢንዲካ፣ ያኛው ሜሊያ አዜዳራክ። "ስሙን አላውቀውም" የሚል ሰው የሚሸጠውን አያውቅም ማለት ነው፣ ወይም እንድታውቁት አይፈልግም። ክፍያውን ከፋፍሉት፤ የመጨረሻው ከተከላ በኋላ፣ ችግኞቹ መያዛቸው ታይቶ ይከፈል። የደረቀውን ማን እንደሚተካም ይጻፍ። ደረሰኝ ውሰዱ። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምትገዙት ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቷችኋል፣ ግን በእጃችሁ ወረቀት ከሌለ መብቱን ይዛችሁ የት ትሄዳላችሁ?

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ የግቢውን አጠቃላይ ፎቶ ብቻ አትቀበሉ። ከሩቅ ሁሉም አረንጓዴ ነው። የእያንዳንዱ ተክል ቅጠል ፊትና ጀርባው፣ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ጭምር በቅርበት ተነሥቶ ይላክላችሁ። ከዚያ በኋላ ቀሪውን ክፈሉ።

ዓይናችሁን ለማለማመድ ከግዢው በፊት አንድ ቀን ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ሂዱ። አገር በቀሎቹን በአካል አይታችሁ፣ ቅጠላቸውን አስተውላችሁ ተመለሱ። በጣም የሚያጠራጥር ነገር ካጋጠማችሁ አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር አለ፤ ቅጠልና አበባ ያለበት ቅርንጫፍ ይዛችሁ ጠይቁ።

ኦሊያንደር አስቀድሞ ለተተከለባችሁ፦ ጓንት አድርጋችሁ ከነሥሩ ንቀሉት። ቁራጩን ለከብት፣ ለበግ፣ ለፍየል እንዳትሰጡ፣ ሲደርቅም መርዙ አይጠፋም። አታቃጥሉት፣ ጭሱም ይጎዳል። እንጨቱን ሥጋ ለመጥበሻም ሆነ ለማማሰያ እንዳትጠቀሙበት።